ኬክ በኪሎ

አዲስ አበባ ውስጥ የልደት ኬክ የሚታዘዘው በኪሎ ነው። «ስንት ኪሎ ይሁንልዎት?» ትላለች የኬክ ቤቷ ልጅ። አዛዡ እንግዶቹን በልቡ ይቆጥራል፤ የሚመጡትን ብቻ ሳይሆን ባይጠሩ የሚቀየሙትንም ጭምር። ከዚያ ይሉኝታውን ያክልበትና «አራት» ይላል። አንድ ኪሎ ያዘዘ ቋጣሪ ነው፣ አምስት ያዘዘ ደግሞ ልጁን የሚወድ አባት ነው። በዚህ ሚዛን ያደግን ሰዎች ልደታችንን ተራራ ላይ እናክብር ብለን ስንነሳ መጀመሪያ የሚገለበጥብን ይኸው የኪሎ ነገር ነው።

ቤቱን በጀርባው አዝሎ ዳገት ለሚወጣ ሰው ኪሎ ባላጋራው ነው። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ምንጣፉ፣ ምድጃው፣ የብርድ ልብሱ እያለ ሲደማመር ከሰዓት በኋላ ላይ ትከሻ ያንቀጠቅጣል። አሜሪካ ውስጥ ቀለል አድርጎ መጓዝን እንደ ሃይማኖት የያዙ ሰዎች አሉ። ዕቃቸውን እንደ ወርቅ ነጋዴ በግራም ይመዝናሉ፤ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ቆርጠው የሚጥሉም አሉባቸው፤ ቀልድ አይደለም። ምግብ፣ ውኃና ነዳጅ ሳይቆጠር ሸክሙ ከ9 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሰው በእነሱ ዘንድ ቀላል ተጓዥ ነው። ከ4.5 ኪሎ በታች የወረደው ደግሞ ከሊቃውንቱ ይመደባል።

«ምግብ፣ ውኃና ነዳጅ ሳይቆጠር» የምትለዋን ነገር በጣም እወዳታለሁ። የማይቆጠሩት ስለሚያልቁ ነው፤ ጠዋት ከብደው ማታ ይቀልላሉ። ይህን ሕግ ወደ ልደት ብናመጣው ኬኩ ከሸክም አይቆጠርም፤ ስጦታው ግን ይቆጠራል። ኬኩ እዚያው ተበልቶ ያልቃል። በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለው የሸክላ ኩባያ ግን እስከ መጨረሻው ዳገት አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል፣ ቤት ገብቶም ቁም ሳጥን አናት ላይ ይቀመጣል። የከተማውን ልደታችንን ያከበደብን ምግቡ ነው ብዬ አላምንም። የሚያከብደው ከበዓሉ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። ፊኛው፣ በኪራይ የመጣው የአበባ ቅስት፣ ስም የተጻፈበት ጨርቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እኔም ለእሷ ልጅ ይህን ያህል ማውጣት አለብኝ» የሚለው ብድር።

ቀላል ተጓዦቹ እንደ አያታቸው የሚያዩዋቸው አንዲት ሴት አሉ፤ ኤማ ጌትውድ ይባላሉ። የኦሃዮ ሰው፣ የ11 ልጆች እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ለብቻቸው ተጓዙት። ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን መንገድ በአንድ ወቅት ውስጥ ብቻዋን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ሆኑ። በአንድ ትከሻቸው ያንጠለጠሉት ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት ነበር፤ በውስጡ ብርድ ልብስና በድንኳን ፈንታ የሚያገለግል የገላ መታጠቢያ መጋረጃ፤ እግራቸው ላይ ሸራ ጫማ። ካታህዲን ተራራ ጫፍ ላይ የደረሱት 68ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ አንድ ወር ሲቀራቸው ነው። ዛሬ በሺህ ዶላር የሚሸጠው ላባ የመሰለ ዕቃ አንዱም አልነበራቸውም።

እኔ የእሳቸውን ዘመድ ያገኘሁት ስሜን ተራሮች ላይ ነው። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነበር፤ መንገዱ ክፍት፣ ሀገሩም ሰላም የነበረበት ጊዜ። ሁለት ጓደኞቼና እኔ ደባርቅ ላይ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት የሚባል የታጠቀ ጠባቂ ተመደበልንና ወደ ሳንቃበር፣ ከዚያም ወደ ግጭ አቀናን። አርባ ዓመት የምሞላው ግጭ ላይ ነው። የእኛን ዕቃ ስንመዝን ሰንብተናል፤ ከሦስታችን አንዱ እንኳ ለአጥንት የሚበቃ ሙቀት ሳይዝ ቀረ እንዳይባል በግራም ተከራክረናል። ስካውታችን ደግሞ ጋቢውን ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማውን አድርጎ፣ ክላሹን አንግቶ፣ በትንሽ ከረጢት በሶ ይዞ መጣ። በቃ። ጋቢው ቀን ካፖርት፣ ማታ ብርድ ልብስ፣ ዕረፍት ላይ ምንጣፍ ነው። ከዕቃው ሁሉ የሚከብደው ጠመንጃው ነበር፤ ከነጥይቱ አራት ኪሎ ገደማ። አሜሪካዊው ሊቅ ድንኳኑንና መኝታውን ጨምሮ የሚሸከመውን ያህል ማለት ነው።

በሶውንም አትናቁት። ግጭ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ እየተንተከተከም ምግቡ ቶሎ አይበስልም፤ ነዳጁ ያልቃል፣ ሩዙ ግን ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ገብሱ ግን ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ሥራውን ቤት ጨርሶ የመጣ ነው። ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ውድ በሆነ የጋዝ ምድጃ ዙሪያ አጎንብሰን ነፋስ ስንከላከል እሱ በልቶ ጨርሶ ይመለከተን ነበር።

በነገራችን ላይ በቅሎ አልያዝንም ነበር። ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር ያከራክረኛል። ራስን ችሎ፣ የራስን ሸክም ራስ ተሸክሞ መሄድ ያኮራል። ነገር ግን ደባርቅ ላይ ባለ በቅሎዎች ተራቸውን ጠብቀው ነው ሥራ የሚያገኙት። አንዱ ዘመናዊ ተጓዥ «ዕቃዬ ቀላል ነው፣ በቅሎ አያስፈልገኝም» ብሎ ሲያልፍ የቀለለው ሻንጣው ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ ገቢም አብሮ ቀለለ። ማንም ሰው በማይኖርበት የአሜሪካ ጫካ ውስጥ የተወለደ ፍልስፍና ሰው ለዘመናት በኖረበት፣ ባረሰበትና ባረባበት ተራራ ላይ እንዲሁ አይተከልም።

የልደቴ ቀን ጠዋት ውርጩ ጓሳውን አንጥቶት ነበር። ዕለቱን እሜት ጎጎ ጫፍ ደርሰን ሰፈር ልንቀይር ነው። ሻንጣዬን ላነሳ ስል ቀሎኝ ደነገጥሁ። ድንኳኑ የለም። ጓደኛዬ ሌሊቱን ወስዳ የራሷ ሻንጣ ላይ አስራዋለች። «መልካም ልደት፤ ዛሬ እኔ ነኝ የምሸከመው» አለች። ክብደት የሌለው ስጦታ ስፈልግ ከርሜ ነበር፤ ይህቺ ደግሞ ከዜሮ በታች የሚመዝን አመጣች። ሌላኛው ጓደኛዬ ቀንቶ ይመስለኛል የውኃ ዕቃዬን ነጠቀኝ። እሜት ጎጎ ላይ 3,926 ሜትር ከፍታ ቆሜ፣ ከሥሬ ገደሉ ተዘርግቶ፣ ጭላዳዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣራቸውን እየነጩ፣ አርባ ዓመት እንዲህ ይቀልላል ወይ አልኩ። ወደ ታች ሲኬድ ጉልበቴ መልሱን ሰጠኝ።

ማታ ኬክ ተሠራ። በሶ በማርና በጥቂት ውኃ ታሸ፣ በድስት ክዳን ላይ ተጠፈጠፈ፣ ዙሪያው ላይ ኦቾሎኒ ተሰካ። ሻማ ግን አንለኩስም አልን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ፣ በ2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ፓርኩ ተቃጥሎ ነበር፤ እሳቱ አልበገር ብሎ ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። ስካውታችንም በቅጠል እየመታ ካጠፉት አንዱ ነበርና ስለ እሳት ከእሱ ፊት ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ የግንባር መብራቱን ወደ ላይ አዙረን ኬኩ መሃል አቆምነው፤ እኔ እፍ ስል ጓደኛዬ አጠፋችው።

ጾመ ነቢያት ስለገባ ስካውቱ መጀመሪያ ጠየቀ። «ቅቤ የለበትም?»

«የለበትም፣ ጋሼ። ኬክ ነው፤ ይቅመሱ።»

ቀመሰ። «ይህማ በሶ ነው» አለ።

«የልደት ኬክ ነው» አልነው።

«እሺ፣ ኬክ ይሁን» አለና እንደገና ቆረሰ። «በሶ ነው።»

የእሱን ልደት ጠየቅነው። «እኔ እንጃ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አለ። ደማምረን ስናሰላ ከእኔ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ዓመት ነው፤ ሰባት ቀን ሙሉ ጋሼ ሳልል የቀረሁበት አፍታ የለም። ሀገራችን ልደትን በመላ ሀገሪቱ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለደው አብዛኛው ሰው ዕድሜው በድርቅ፣ በዘመቻ፣ በንጉሥ ይለካል። ባሕር ማዶ ከገቡት ደግሞ ስንቱ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ ተጽፎለታል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት የተወለደ ይመስል። ስለዚህ የማታውን በዓል ለሁለት አደረግነው፤ የእኔንም የእሱንም። መብራቱ በርቶ እንደገና እፍ ተባለ። አሁንም በሶ ነው አለ።

ያ ድንኳን ያልተሸከመው ጓደኛዬ በቅርቡ አምሳ ይሞላዋል። መንገዱ ደኅና ሲሆን እዚያው ስሜን፣ ጨነቅ ላይ ይከበርልኝ ብሏል፤ እውነተኛ ኬክ፣ ሁለት ኪሎ፣ ክሬም ያለው። ከኔ ወገን ሦስት ነገር አስቀምጫለሁ። ኬኩ በበቅሎ ይሄዳል። ባለ በቅሎው ሙሉ የተራ ክፍያውን ያገኛል። ኬኩን ቀድሞ የሚቆርሰውም እሱ ነው። ጓደኛዬ ሁለቱን ተቀብሏል። በሦስተኛው ላይ እየተደራደርን ነው።