የወርቃማዋ የእሳት እራት መኖሪያ መበጣጠስ

በሳይንሳዊ ስሟ ሲኔሞን ፕላና የተባለችው የደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የእሳት እራት፣ እንደ አብዛኞቹ ዘመዶቿ በሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር ሰዓት የምትበር ናት። ወንዱ ከሣሩ አናት ዝቅ ብሎ እየበረረ ሲያስስ፣ እምብዛም የማትበረው ሴቷ በሣር ጉብታዎች መካከል ባለው ገላጣ አፈር ላይ ተቀምጣ ወርቅማ የኋላ ክንፎቿን ትገልጥለታለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትመገብበት አፍ ስለሌላት ዕድሜዋ ከጥቂት ቀናት አይዘልም፤ ስንቋ ሁሉ የሚሰነቀው በእጭነቷ ዘመን፣ ከመሬት በታች፣ በተለይ ዋላቢ ከሚባለው የአገሬው ሣር ሥር ነው።

ቀድሞ ከኒው ሳውዝ ዌልሷ ባተርስት አንሥቶ በቪክቶሪያ በኩል እስከ ደቡብ አውስትራሊያዋ ቦርደርታውን ተሰራጭታ የነበረችው ይህች ዝርያ፣ ዛሬ በቪክቶሪያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በካንቤራ አካባቢ በተበታተኑ ቦታዎች ተወስናለች። መነሻው መኖሪያዋ መጥፋቱ ነው፤ ከአካባቢው የተፈጥሮ ሣር ምድር 99 በመቶ ያህሉ በማረሻ፣ ባዕድ ግጦሽን በሚያበረታ የፎስፌት ማዳበሪያ፣ በኋላም በከተሞች መስፋፋት ጠፍቷል ወይም ተለውጧል። አጥሮ መተው ብቻውንም አያድናትም፤ ግጦሽም እሳትም የራቀው መሬት በረጃጅም ሣር ስለሚታፈን፣ የሚያስፈልጋት ገላጣ አፈርና አጭሩ ሣር ይዋጣሉ።

ከስፋቱ መቀነስ ይበልጥ አሳሳቢው ግን መበጣጠሱ ነው። ወንዱ ከመኖሪያው ከ100 ሜትር በላይ ስለማይርቅ፣ በ200 ሜትር የተለያዩ ሁለት መስኮች ለዝርያዋ የተነጠሉ ደሴቶች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ የመኖሪያ ሰፈር ከተሠራ፣ በአንዱ መስክ ያለቀውን ዘር ከሌላው መተካት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2002 «በእጅግ አስጊ ሁኔታ ላይ ያለች» ተብላ በአገሪቱ ሕግ የተመዘገበችው ዝርያ፣ ቀጥሎ በተካሄዱ አሰሳዎች አዳዲስ ቦታዎች በመገኘታቸው በ2021 ዝቅ ወዳለ የሥጋት ደረጃ ተዛውራለች። የጨመረው ግን የእኛ መረጃ ነው እንጂ፣ ይህ የእርሷ ቁጥር ለመጨመሩ ማስረጃ አይሆንም። በመኖሪያዋ ጥበቃ በኩልም፣ የቪክቶሪያ መንግሥት የሜልበርን መስፋፋት የሚያጠፋውን ለማካካስ እስከ 2020 ድረስ 15,000 ሄክታር የሣር ምድር ገዝቶ ለመጠበቅ ቃል ገብቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር ሲመረምር የተገዛው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።