ጽሑፉ ቪዲዮው ላይ ይታተም ወይስ ለብቻው ይሁን?

የኮሪያ ፊልም በአማርኛ ጽሑፍ እየተረጎማችሁ ቴሌግራም ላይ የምትለቁ ልጆች (የቀድሞ ተማሪዎቼም አላችሁበት አሉ 😀)፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ጽሑፉን ለብቻው በኤስአርቲ ፋይል መልቀቅ ጥሩ መሆኑ አይካድም። ስህተት ቢገኝ ጥቂት ኪሎ ባይት አርሞ መላክ ነው። ቪዲዮው ላይ ከታተመ ግን ለማረም ሙሉ ፊልሙን እንደገና ማውረድ ሊኖርብን ነው፤ በዚህ የፓኬጅ ዋጋ!

ግን እኛ ጋ ፍኖተ ሰላም ሲደርስስ? ሰው ሙዚቃ ቤት ሄዶ ፍላሽ ላይ ያስጭናል፣ ከዚያ በዜንደር ከስልክ ስልክ ይዞራል። ቪዲዮው ይሄዳል፣ ኤስአርቲው ይቀራል። አብሮ ቢሄድም መከራ ነው። ባለፈው እኔው የተረጎምኩትን ለእናቴ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁላት፤ ፊደሉ በሙሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ! ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውማ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ናት፣ ቀስ ብላ ታነባለች። «ምን አለ ልጄ? አሁንስ ምን አለችው?» እያለችኝ ፊልሙ እስኪያልቅ ስተረጉምላት አመሸሁ።

ስለዚህ እባካችሁ አትሙት፣ ፊደሉንም ተለቅ አድርጉት። ከመታተሙ በፊት ግን ሌላ ሰው ያንብበው፤ ኤስአርቲውንም ቻናሉ ላይ አስቀምጡ። አራሚ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ አላጣም።