አየሩንስ ማን ይመዝንልን?

ታቦር ክፍለ ከተማ የምንኖር ሰዎች በርበሬውን በሚዛን፣ ዘይቱን በሊትር እንገዛለን። ቀን ከሌት የምንስበውን አየር ግን ምን እንዳለበት የነገረኝ ሹም እስካሁን አላጋጠመኝም። ማለዳ ተራራው ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል፦ የከሰሉ፣ የቆሻሻ ቃጠሎው፣ የባጃጁና የናፍጣው ጭስ ተደባልቆ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። ልጅ ሲያስል «ብርድ ነው» ይባላል፤ አለቀ።

ለመሆኑ መለካት ይሄን ያህል ከባድ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ እነ ፕሮፌሰር አይዶጋን ኦዝጃን «ሲ-ኤር» የተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሠርተዋል። በ30 ሰከንድ 6.5 ሊትር አየር ይስባል፤ ብናኙ በሚያጣብቅ ገጽ ላይ ሲያርፍ የጥላውን ምስል ያነሳል። የሚያዘው ስልክ ነው፤ ከብዙ ምሳሌ የተማረ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደግሞ ብናኙን በመጠኑ ይለያል። ትክክለኛነቱ 93 በመቶ ያህል ነው ብለዋል።

(በነገራችን ላይ ስልክ ብቻውን አየር አይለካም። ስልካችን ላይ «የሀዋሳ አየር» እያለ የሚመጣው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሳተላይትና ከስሌት የተገኘ ግምት ነው።)

ርካሽ መሣሪያ እርጥበት ያሳስተዋል፤ እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነን። ካምፓላ ያለው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ «ኤርኮ» ፕሮጀክት ግን ርካሾቹን ከትክክለኛ መለኪያ ጎን አስቀምጦ ስህተታቸውን በዚያው በማሽን ትምህርት ያርማል። ካምፓላ ከቻለች ሀዋሳ ምን ያንሳታል? ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አለን!

የባዕድ ደጅ መጥናትማ አይተነዋል። የአሜሪካ ኤምባሲ የአዲስ አበባን አየር ለዓመታት እየለካ ሲያሳውቅ ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ዋሽንግተን በጀት አጠረኝ ብላ ስርጭቱን አቋረጠችው።

ጉዱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው «ጥቅሜ ተነካ» ማለት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። ግሩም ነው! ግን ዳኛው ፊት ምን ይዘን እንቅረብ? ሳላችንን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት ልክ በአንድ ሜትር ኩብ 15 ማይክሮ ግራም ነው። የታቦር ስንት ነው?

እንግዲህ የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ አንድ ትክክለኛ መለኪያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ትከሉ። ትንንሾቹን ለትምህርት ቤቶችና ለባጃጅ ማኅበራት ስጡ። ቁጥሩንም ጥሩም ሆነ መጥፎ ሳታሹ ሳትከልሱ በየሳምንቱ ቀበሌ በር ላይ ለጥፉልን።