መዝገቡን ያጠፋው ሌላ፣ አምጣ የሚባለው ሌላ

የአሜሪካ ልዩ ኃይል መኮንን የነበሩት ፓሪስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በጁን 1965 ቬትናም ውስጥ ቦንግ ሶን በተባለ ሥፍራ ወደ 19 ሰዓት በዘለቀ ውጊያ ደጋግመው ቆሰሉ። ያን ጊዜ ሻምበል ነበሩ። በተኩስ መካከል ገብተው የወደቁ ጓዶቻቸውን እየጎተቱ አወጡ፤ ውጣ ሲባሉም ሰው ትቼ አልወጣም ብለው ቀሩ። አዛዣቸው የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ ሜዳል ኦፍ ኦነርን፣ እንዲያገኙ ጽፎ አቀረበ። ወረቀቱ ጠፋ። በ1969 ሲጠየቅ በመዝገብ የለም ተባለ፤ እንደገና ተጽፎ ይቅረብ ተባለ። ሁለተኛውም የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ የጠለቀው በማርች 2023፣ የ83 ዓመት አዛውንት ከሆኑ በኋላ ነው።

ዴቪስ ጥቁር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዘመቱት ጥቁር አሜሪካውያን ይህን ሜዳሊያ በጊዜው ያገኘ አንድም ሰው አልነበረም። በ1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሰባት ሰዎች ሲሰጡ በሕይወት ተገኝቶ የተቀበለው ቬርነን ቤከር ብቻ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ጠፋ ሲባል ሁልጊዜ የመዝገብ ቤት ዝርክርክነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

ለዴቪስ ለዓመታት የተሟገቱላቸው የትግል ጓዶችና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ተሟጋች የሌለው ተራ ወታደር ነው። እርሱ ዋይት ሐውስ ልጠራ አይልም። የሚጠይቀው ዲዲ 214 ከሚባለው የመሰናበቻ ወረቀቱ ላይ የጎደለች አንዲት መስመር እንድትገባለት ነው። በወረቀቱ 13ኛ ሳጥን ውስጥ የሽልማቶቹ ስም ይዘረዘራል። የእግረኛ ወታደር የውጊያ ባጅ ወይም በጠላት እጅ ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ሃርት እዚያ ካልሰፈረ፣ በመንግሥት ዓይን አልተዋጋም፣ አልቆሰለም።

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። ፐርፕል ሃርት ያለው ሰው በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ቅድሚያ ያገኛል፤ ለሕክምናው የድርሻ ክፍያ አይጠየቅም፤ ለፌዴራል ሥራ ሲወዳደር ተጨማሪ ነጥብ ይያዝለታል፤ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ የተሸለመ ከሆነ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የትምህርት ድጎማው ሙሉ ይሆንለታል። የውጊያ ባጅም ቢሆን ለአእምሮ ጉዳት ካሳ ሲያመለክት ውጊያ ውስጥ ለመኖሩ ማስረጃ ሆኖ ይቆምለታል።

ይህን ስሕተት የሚያርም አካል አለ። እስከ 1946 ድረስ መዝገቡን ማስተካከል የፈለገ ወታደር ኮንግረስ በስሙ የተለየ ሕግ እንዲያወጣለት ደጅ መጥናት ነበረበት። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ሥልጣኑን ሲቪሎች ለሚቀመጡባቸው ቦርዶች አስተላለፈ። የምድር ጦሩ ቦርድ መሥሪያ ቤት ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት አካባቢ፣ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ነው። ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 149 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ቢባልም፣ ለፍትሕ ሲባል ቦርዱ የጊዜ ገደቡን ሊያልፈው ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ደግ ሕግ ነው።

ችግሩ ሚዛኑ ላይ ነው። ቦርዱ ነገሩን ማየት የሚጀምረው መንግሥት ሥራውን በትክክል ሠርቷል ከሚል ግምት ነው። ግምቱን የሚያፈርስ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ያለው በአመልካቹ ላይ ነው። ቀርቦ ቃሉን የመስጠት መብት የለውም፤ ጉዳዩ የሚያልቀው በአብዛኛው በወረቀት ነው። ታዲያ ወረቀቱ የነበረው በማን እጅ ነው?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973 ግን በጽሑፍ የነበረው ነደደ። ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የመንግሥት ሠራተኞችና ወታደሮች መዝገብ ቤት 6ኛ ፎቅ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ማኅደር ወደመ። ከ1912 ማብቂያ እስከ 1960 መግቢያ ከተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት ማኅደር 80 በመቶው አብሮ ሄደ። ቅጂ አልነበረውም፣ በማይክሮፊልም አልተነሣም፣ የማን የማን እንደነበረ የሚናገር ዝርዝር እንኳ አልተያዘም። መዛግብቱ በተደረደሩበት ቦታ እሳት ሲነሣ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልተገጠመም ነበር። ኮሪያ ላይ ከኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃ ጋር በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር የተሰለፉት አሜሪካውያን ከዚህ እሳት ሰለባዎች መካከል ናቸው። የእኛ ሰዎች ጀግንነት ምስክር የሆኑት እነዚያ ወታደሮች የራሳቸውን ውሎ የሚያስመሰክሩበት ማኅደር አጡ።

ከእሳቱ በኋላ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች የተቃጠለውን ከሌላ ቦታ እየለቀሙ መሙላት ያዙ። የመጨረሻ የደመወዝ ሰነድ፣ የጦር ክፍሎች በየጠዋቱ የሚያወጡት የሰው ኃይል ሪፖርት፣ ጠርዙ የተለበለበ ወረቀት ሁሉ ተፈልጓል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእግረኛ ውጊያ ባጅ ያለው ሰው በወር 10 ዶላር ይጨመርለት ስለነበር፣ አንዲት የደመወዝ ወረቀት የውጊያ ማስረጃ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ፐርፕል ሃርት ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ይጠባል። ሽልማቱ ቁስሉ ከጠላት መሆኑን ብቻ አይጠይቅም፤ በሕክምና ባለሙያ መታከሙንና ሕክምናው መመዝገቡን ጭምር ይጠይቃል። የሕክምና ወረቀቱ የተቃጠለበት ሰው ሰውነቱ ላይ ጠባሳ፣ ውስጡ ስብርባሪ ብረት ይዞ መስፈርቱን አያሟላም ሊባል ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ኢራቅንና አፍጋኒስታንን ይመልከት። በ2012 ፕሮፐብሊካና ሲያትል ታይምስ ባወጡት ምርመራ፣ በሁለቱ ጦርነቶች በርካታ የጦር ክፍሎች የውጊያ ሪፖርቶቻቸውን ሳያስቀምጡ ወይም አጥፍተው እንደተመለሱ ተገለጠ። በጃንዋሪ 2020 ኢራን ኢራቅ ውስጥ የሚገኘውን የአል አሳድ የጦር ሰፈር በሚሳይል ስትመታ በመጀመሪያ የተጎዳ የለም ተባለ። ኋላ ከ100 በላይ ወታደሮች የአንጎል ጉዳት እንደደረሰባቸው ታወቀ። በመጀመሪያ ዙር ፐርፕል ሃርት ያገኙት 29 ነበሩ፤ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ካነሣው በኋላ 39 ተጨመሩ። ካሜራ ያልደረሰላቸውስ ስንት ይሆኑ?

የዚችው አገር ሌላ መሥሪያ ቤት ይህን ችግር ከረጅም ጊዜ በፊት ተረድቶታል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ካሳ ሲወስን፣ ውጊያ ላይ የነበረ ሰው የሚናገረው ከቦታውና ከሁኔታው ጋር እስከተስማማ ድረስ ሌላ ሰነድ ባይኖር እንኳ ቃሉን እንዲቀበል ሕጉ ያዘዋል። ለሁለቱም ወገን ያለው ማስረጃ እኩል ከሆነም ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎማል። ጦር ሜዳ ላይ ጸሐፊ እንደማይቆም ሕግ አውጪው አምኗል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ስለ አንድ ቀን ውጊያ የሚናገረው ቃል ለጉልበቱ ካሳ ሲጠይቅ ይታመናል፣ ለደረቱ ባጅ ሲጠይቅ አይታመንም። ገንዘብ የሚያስወጣው ጥያቄ በላላ ሚዛን፣ ብዙም የማያስወጣው በጠበቀ ሚዛን መለካቱ ለእኔ አይገባኝም።

ቦርዶቹ የሚጠነቀቁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ዋልኩበት የሚል ሰው ሞልቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ የውሃ ድርጅት ቦርድ አባል የነበረው ዣቪየር አልቫሬዝ አንድ ቀን ሳያገለግል ማሪን ነበርኩ፣ ሜዳል ኦፍ ኦነር ተሸልሜያለሁ ብሎ በስብሰባ ላይ ተናግሮ ነበር፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ውሳኔ አግኝቷል። ሜዳሊያ ለጠየቀ ሁሉ ከታደለ በእውነት የደማው ሰው ሜዳሊያ ይረክሳል። ይህን ከሚሉት መካከል ራሳቸው ተሸላሚዎች የሆኑ አሉና ሊደመጡ ይገባል።

ነገር ግን ሽልማቶች ሁለት ዓይነት መሆናቸው መረሳት የለበትም። ሲልቨር ስታርና ሜዳል ኦፍ ኦነር የአዛዥን ፍርድ ይጠይቃሉ፤ ያየ ሰው ካልመሰከረ ሊሰጡ አይገባም። የውጊያ ባጅና ፐርፕል ሃርት ግን መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ የሚያገኛቸው መብቶች ናቸው። ለእነዚህ መስፈርቱ መሟላቱን ማየት እንጂ ጀግንነትን መመዘን አያስፈልግም። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ማኅደሩ በመንግሥት እጅ ሳለ መጥፋቱ ወይም መቃጠሉ ከተረጋገጠ፣ ለእነዚህ ለሁለቱ የካሳው ሚዛን ይሥራላቸው። ሰውየው በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ መኖሩ ከታወቀ፣ ክፍሉ በዚያ ቀን መዋጋቱ ከታወቀ፣ የሚናገረው ከዚህ ጋር ከገጠመ፣ ይበቃል። አልቫሬዝን የመሰለ ሰው በዚህ ወንፊት አያልፍም፤ የተመዘገበበት ክፍል የለውምና።

ይህ ጉዳይ የእኛንም ቤት ያንኳኳል። ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የአሜሪካ ጦር ዜግነት የሌላቸውን ቋንቋ ዐዋቂዎች ሲመለምል አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በተለመደው መንገድ የገቡ ልጆቻችን አሉ። ከእነርሱ ውስጥ ሾፌርና መካኒክ ሆኖ የዘመተ፣ መንገድ ላይ በተቀበረ ፈንጂ የተመታ፣ እግረኛ ጦር አይደለሁምና ባጅ አይገባኝም ብሎ የተቀመጠ ሊኖር ይችላል። በ2005 የተፈጠረው ኮምባት አክሽን ባጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ወታደር የታሰበ ነው፤ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ጀምሮ ወደኋላ ተመልሶም ይሠራል።

እንግዲህ ሕጉ እስኪስተካከል አትጠብቁ። ማኅደራችሁን ዛሬውኑ ከመዝገብ ቤቱ ጠይቁና ስማችሁ በየወረቀቱ በምን ፊደል እንደተጻፈ አስተያዩ፤ የአባት ስም በአንዱ ሰነድ በአንድ፣ በሌላው በሌላ ፊደል ከተጻፈ ማኅደሩ ላይገኝ ይችላል። አብረዋችሁ የነበሩትን አፈላልጉና ያዩትን ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው፣ ፈርመው እንዲሰጧችሁ ለምኑ። ለእናታችሁ የላካችሁት ደብዳቤና ፎቶግራፍ ቀን ካለበት ማስረጃ ነውና አትጣሉት። መጀመሪያ ለጦሩ የሽልማት ክፍል፣ እምቢ ሲል ለቦርዱ አመልክቱ። አሜሪካን ሌጅንና የአካል ጉዳተኛ ወታደሮች ማኅበር ያለ ክፍያ ያግዛሉ። ቦርዱ ከመለሳችሁም፣ አዲስ ማስረጃ ባገኛችሁ ጊዜ ሁሉ ጉዳዩን እንደገና እንዲያይ ሕጉ ያስገድደዋል። ሰነድ ሊተካ ይችላል፤ ያየ ሰው ከሞተ ግን የሚተካው የለም። ምስክሮቻችሁ በሕይወት ሳሉ ፈጥናችሁ ጻፉ።