የኢየሩሳሌም ጉዞ ለሁሉም እንዲሆን

በትምህርት ቤታችን ኦርቶዶክሱ፥ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ወንበር ተቀምጠን እንማራለን። ከወላጆቻችንም መካከል ኢየሩሳሌምን ለማየት የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በአንድነት እንሂድ ቢሉ ጉዞው እንዴት ሊሰናዳ ይገባል? አንዳንዶች «ሁላችንም ክርስቲያኖች ስለ ሆንን ልዩነቱን ማንሣት አያስፈልግም» ይላሉ። አሳባቸው ከፍቅር የመጣ ነው። እኔ ግን ልዩነቱ አስቀድሞ በግልጽ ካልተነገረ በመንገድ ላይ ቅሬታ ይሆናል እላለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

በመጀመሪያ ቀኑ ይታሰብበት። በ2016 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ላቲኖች ትንሣኤን መጋቢት 22 ቀን ሲያከብሩ የኦርቶዶክሶች ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ነበረ። በላቲኖቹ በዓል የሄደ ኦርቶዶክሳዊ ገና በሁዳዴ ጾም ላይ ነበረ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ሚያዝያ 12 ቀን ዋሉ። እንግዲህ ቀን የሚቈርጠው ሰው የሁሉንም የበዓል አቈጣጠር ሳያይ ገንዘብ ሊሰበስብ አይገባውም።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ለጿሚው ሥጋ፥ ወተትና እንቍላል የሌለበት ማዕድ እንዲዘጋጅለት ለሆቴሉ አስቀድሞ ይነገር፤ የማይጾመውም በግድ አይጹም።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ወደ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሊሳለሙ ነው። ከፕሮቴስታንቶች ብዙዎቹ ግን ከደማስቆ በር ውጭ ባለው የአትክልት መቃብር በጸጥታ መጸለይን ይወዳሉ። አንዱን ብቻ አሳይቶ መመለስ ከተጓዦቹ ግማሹን የሰው ቤት እንግዳ ያደርጋል። ለሁለቱም ጊዜ ይመደብ፤ ማንም ሳይሳለም ቢቆም፥ ወይም ቢሰግድ፥ አይታማ።

«ይህ ሁሉ ሕግ ፍቅርን ያቀዘቅዛል» የሚል ይኖር ይሆናል። የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ያስተምረናል። በዚያ ግሪኮች፥ ላቲኖች፥ አርመኖች፥ ሶርያውያን፥ ግብጻውያንና የእኛ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ድርሻ አላቸው። በ1852 እ.ኤ.አ. የቱርኩ ሱልጣን ነባሩ ሥርዓት እንዲጸና ባዘዘው መሠረት፥ ማን የት፥ በስንት ሰዓት እንደሚጸልይ የታወቀ ነው። ይዞታው በማያስማማበት ስፍራ ግን ትንሿ ነገር ጠብ ታነሣለች። በ2002 እ.ኤ.አ. በዴር ሱልጣን ጣሪያ ላይ አንድ ግብጻዊ መነኵሴ ወንበሩን ወደ ጥላ ስላዛወረ ከእኛ መነኰሳት ጋር ጠብ ተነሥቶ ብዙዎች እንደ ቈሰሉ ተዘግቧል። መነኰሳቱ በአንድ ወንበር ከተጣሉ፥ በሙቀትና በድካም ላይ ያሉ መንገደኞች በምን አይጣሉም?

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ከየቤተ ክርስቲያኑ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ፥ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ተቀምጠው ቀኑን፥ ማዕዱንና የጸሎቱን ቦታ በጽሑፍ ይወስኑ። በአንድነት የሚጸለየው ጸሎት ሁሉም የተስማሙበት ብቻ ይሁን፤ በቀረው እያንዳንዱ በወገኑ ይጸልይ። ጓደኛዬ እምነቱን ደብቆ አብሮኝ ቢሄድ አብረን ሄድን ለማለት አልችልም፤ እርሱም እኔም እንዳለን ሆነን ስንሄድ ግን ጉዞው በእውነት የሁላችን ይሆናል።