ለአንድ ግቢ አንድ ፈቃድ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን በአንድ ጊዜ ሠርቶ የሚጨርስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ይቆማል፤ እጅ ሲፈታ ማድቤት፣ ልጅ ሲያገባ ሰርቪስ፣ ኑሮ ሲከብድ የሚከራይ ክፍል ይቀጠላል። የግንባታ ፈቃድ አሰጣጡ ግን ይህን አኗኗር የሚያውቀው አይመስልም። ለእያንዳንዱ ቅጥያ እንደገና ካርታ ይቀርባል፣ ፕላን ይሠራል፣ ፋይል ይከፈታል። አቋማችን ግልጽ ነው፦ ባለይዞታው የግቢውን ሙሉ ፕላን አንዴ ያስጸድቅ፤ ከዚያ አቅሙ በፈቀደ ጊዜ ደረጃ በደረጃ ይገንባ።

ቅጥያ የበዛው ሰው ሕግ መጣስ ስለሚወድ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልተፈቀደም። ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱ አብሮ አልበዛም። ብዙ ወጣት ትዳር የያዘው በወላጆቹ ጓሮ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከሁለት ፎቅ በታች ያለውን መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» አስቀመጠ፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ደግሞ በምድብ «ሐ»። ቀላሉን ከከባዱ መለየቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የቅጥያዎቹ ድምር ላይ ነው። አራት ክፍሎች በየራሳቸው ትንሽ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዝናብ የሚሰርግበትን መሬት ይጨርሳሉ፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና መግቢያ ያሳጣሉ፣ የጎረቤትን መስኮት ያጨልማሉ። በቦታው ላይ የሚገነባው መጠን በፕላን ቢወሰንም፣ ያለ ፈቃድ የቆመውን ማን ደመረው?

ፈቃዱ በራቀ ቁጥር ግንባታው ወደ ሌሊት ይሸሻል። የጨረቃ ቤት መሠረቱን የሚያይለት ተቆጣጣሪ፣ ብረቱን የሚቆጥርለት መሐንዲስ የለውም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአሮጌ ጭቃ ቤት ላይ በብሎኬት የተለጠፈ ክፍል ውስጥ ልጆች እንደሚተኙ እያወቅን ይህን ጉዳይ እንደ ተራ የቢሮ ጣጣ ልናየው አንችልም።

እንግሊዞች የቅጥያዎችን ድምር የሚይዙበት መንገድ ትምህርት አለው። በእንግሊዝ ለብቻው የቆመ ቤት ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎችን ካሟላ ከኋላው እስከ 4 ሜትር፣ ግድግዳ የሚጋራ ቤት እስከ 3 ሜትር ባለ አንድ ወለል ማስፋፊያ ያለ ፈቃድ ማመልከቻ መጨመር ይችላል። ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት የቀጠለውም ይቆጠራል። ለአሮጌ ቤቶች መነሻው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1948 የነበሩበት ይዞታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ሁሉ ተደምሮ በመጀመሪያው ቤት ዙሪያ ካለው መሬት ከግማሽ ማለፍ የለበትም። ትንሹን ሥራ ለቀቅ፣ ጠቅላላ መጠኑን ጠበቅ አድርገዋል። ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አያስፈልገንም፤ የኛ ግቢ ጠባብ ነው፣ ኩሽናውና መጸዳጃውም ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ውጭ ነው።

የከተማ አስተዳደሩ አሁን ያሉትን ቅጥያዎች የሚያስመዘግቡበት የጊዜ ገደብ ለነዋሪዎች ይስጥ። መንገድ ወይም የጎርፍ መውረጃ የዘጋው ይነሣ፤ ለአደጋ የተጋለጠው ይጠናከር፤ የቀረው በግቢው ፕላን ላይ ይስፈር። ከአንዲት ክፍል በሚገኝ ኪራይ ለሚተዳደሩ ጡረተኞችም ልኬቱን የወረዳው ባለሙያ ያለ ክፍያ ይሥራላቸው።