ለ22.4 መስገድ ይቅር

የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የገባ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ሙከራው ያወጣውን ቁጥር ትቶ መጽሐፉ የሚፈልገውን ቁጥር መጻፍ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ላይ 24 ሚሊግራም ማግኒዥየም በአሲድ ሲሟሟ የሚሰጠው ሃይድሮጅን በ20 ዲግሪ፣ ደረቅ ሆኖ ሲታሰብ፣ 31 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በቃላችን የያዝነው 22.4 ግን «22 መሆን አለበት» ይላል። ታዲያ ተማሪው ምን ያደርጋል? «ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ነው» ብሎ 31ዱን ሰርዞ 22 ይጽፋል። ማርኩንም ያገኛል።

እኔ ይህን ስንፍና ብቻ ብዬ አላልፈውም፤ ሐሰት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ የተሰረዘው ቁጥር እውነተኛው መሆኑ ነው።

ቦይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1662 ባዜቃ በተሞላ ጠማማ ቱቦ እንዳሳየው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት ሲቀንስ የጋዝ ይዘት በዚያው ልክ ይሰፋል። ጌይ ሉሳክ በ1802 ባሳተመው መሠረት ደግሞ፣ ግፊቱ ካልተለወጠ ይዘት ከሙቀት ጋር ያድጋል። ሙቀቱ የሚቆጠረው ግን በኬልቪን ነው። ከ10 ወደ 20 ዲግሪ መውጣት እጥፍ የሚመስላቸው ዛሬም አሉ፤ ከ283 ወደ 293 ነው፣ እጥፉ የት አለ? እንግዲህ 1 ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር የሚሆነው በ0 ዲግሪና በ760 ሚሊሜትር ባዜቃ ግፊት፣ ማለት በባሕር ጠረፍ ላይ፣ ውሃ በረዶ በሚሆንበት ብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ተቀመጠች ግፊቷ 575 ግድም ነው። በዚህ ግፊትና በ20 ዲግሪ 1 ሞል 32 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሕጉ እኛ ዘንድ በደንብ ሠርቷል፤ የተሳሳተው የሌላ አገር ባሮሜትር በእኛ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ልማዳችን ነው።

«አይዲያል ጋዝ በዓለም ላይ የለም፣ ልዩነቱ ከዚያ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። በእርግጥ ጋዝ ሁሉ ከሕጉ ጥቂት ያፈነግጣል። ነገር ግን ሃይድሮጅን በእኛ ግፊት የሚያፈነግጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የ9 ሚሊ ሊትር ልዩነት በዚህ አይሸፈንም። የተሰገደለት ቁጥር ራሱ እንኳ፣ በ1982 መደበኛው ግፊት ወደ 1 ባር ዝቅ ስለ ተደረገ፣ በአንዳንድ መጻሕፍት 22.7 ሆኗል።

ስለዚህ የላቦራቶሪ ሪፖርት የመጀመሪያ መስመር የዕለቱ የባሮሜትርና የቴርሞሜትር ንባብ ይሁን። ባሮሜትር የሌለው ላቦራቶሪ ካለ ዩኒየናችን እንዲገዛ ይጠይቅ። አስተማሪዎቻችንም 31 ጽፎ የመጣውን ተማሪ ማርክ ከመንሳታቸው በፊት ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ቆመው እንደሚያርሙ ያስቡ።